ዕድገትና የደጃፋችን አልዓዛር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሀብት ወደ አንድ አገር በዝግታ ሲገባ ሕዝቡ ከሀብቱ ጋር እየተለማመደ ይሄዳል። በፍጥነት ሲገባ ግን እንደ ሐምሌ ዝናም ነው፤ እርሻውን ያጠግባል፥ ነገር ግን ወሰኑን ያፈርሳል፥ የቀድሞውንም መንገድ ይቈርጣል። የዝናሙን ጥቅም የሚክድ ገበሬ የለም፤ ዝናሙ የቈረጠውን መንገድ የማይጠግን ገበሬም ብልህ አይባልም። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው አገራችን ኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ስላየችው ፈጣን የኢኮኖሚ ዕድገትና ዕድገቱ በማኅበራዊ ኑሯችን ላይ ስላመጣው ለውጥ ነው። ይህ ነገር ለምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር፥ ባለጠጋውም ድኻውን በምን ዐይን እንደሚያየው የሚመለከት ስለሆነ፥ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር የተነገረውን የጌታችንን ትምህርት (ሉቃ. 16፥19-31) የተቀበልን ሁሉ ልንመረምረው ይገባናል።

ነገሩን በሦስት ከፍለን እናየዋለን። አንደኛ፥ ዕድገቱ የሰጠንን፤ ሁለተኛ፥ ዕድገቱ ከዐይናችን የሰወረብንን፤ ሦስተኛ፥ ቤተ ክርስቲያን ልትሠራው የሚገባትን።

፩. ዕድገቱ የሰጠን

በመጀመሪያ እውነቱን እንመስክር። ድህነት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ጌታችን በመንፈስ ድኾች የሆኑትን ብፁዓን ማለቱን ይዞ ረኃብንና በሽታን ማመስገን የትርጓሜ ስሕተት ነው። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን ዓመት ጥጋብ በጎተራ አከማችቶ ሕዝቡን ከሞት ያዳነው እግዚአብሔር በሰጠው ጥበብ ነው (ዘፍ. 41)። እንግዲህ አገርን ከችጋር ለማውጣት ማሰብና መድከም ከእግዚአብሔር የሆነ ጥበብ እንጂ የዓለማውያን ከንቱ ሐሳብ አይደለም።

መንግሥት ባወጣው ሒሳብ መሠረት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከዐሥር ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የአገሪቱ ምርት በየዓመቱ በአማካይ ወደ 10 በመቶ ያህል አድጓል። ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከመቶው 45.5 ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 ወርዷል። ቀድሞ በጣት ይቈጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቀላል ባቡር ተከፈተ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የምድር ባቡር ተመረቀ።

ከዚህ ሁሉ ግን ለካህን ልብ የሚቀርበው ቍጥር ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከተወለዱ ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር 67 ሆኗል። ብዙ ሕፃናትን ገንዘን የቀበርን፥ የብዙ እናቶችንም እንባ ያየን ካህናት የዚህን ትርጕም ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ቀድሞ ይሞቱ ከነበሩት ከእያንዳንዱ ሺህ ልደት 99 ሕፃናት ተርፈዋል ማለት ነውና። ስለዚህ የድሮው ዘመን በሁሉ ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢኖር፥ በድሮው ዘመን ልጁን ያልቀበረ ሰው ነው።

ነገር ግን ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን ቍጥር ስንሰማ የወንጌሉን እረኛ እናስባለን። እርሱ ዘጠና ዘጠኙ በደኅና እንዳሉ ሲያውቅ ስለ አንዱ መጠየቅን አልተወም (ሉቃ. 15፥4-7)። የዓለም ሒሳብ የሚሠራው በአማካይ ነው፤ የእረኛ ሒሳብ ግን በስም ነው። ይህን ልዩነት የዓለም ሊቃውንትም አልሳቱትም። የአገርን ጠቅላላ ገቢ የመቍጠሩን ዘዴ በአሜሪካ ያደራጀው ሳይመን ኩዝኔትስ ገና በ1934 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤት ባቀረበው ዘገባ፥ የሕዝብን ደኅንነት ከገቢው ቍጥር ብቻ ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። እንግዲህ ዘጠና ዘጠኙን አይተን ካመሰገንን በኋላ አንዱ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይገባናል።

፪. ዕድገቱ ከዐይናችን የሰወረብን

ነቢዩ አሞጽ የተነሣበት ዘመን የችጋር ዘመን አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። በእስራኤል ኢዮርብዓም ዳግማዊ 41 ዓመት ነግሦ የጠፋውን ወሰን የመለሰበት (2ኛ ነገ. 14፥23-28)፥ ንግድ የሰፋበት፥ ቤት በተጠረበ ድንጋይ የተሠራበት፥ ባለጠጎች የክረምት ቤትና የበጋ ቤት ለየብቻ ያቆሙበት፥ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ አልጋ የተዘረጋበት ዘመን ነበር (አሞ. 3፥15፤ 5፥11፤ 6፥4)። አሞጽ ደግሞ ከቴቁሔ የመጣ እረኛና የወርካ ፍሬ ለቃሚ ነው፤ በዛሬው አነጋገር ከገጠር ወደ ባለጠጋው ከተማ የወጣ ሰው ማለት ነው።

እርሱ ባለጠጎቹን የወቀሳቸው ስላገኙ አይደለም። ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ስለ መሸጣቸው፥ መስፈሪያውን ስለ ማሳነሳቸው፥ ገበያውን ለመክፈት ሲሉ የሰንበትን ማለፍ በጭንቀት ስለ መጠበቃቸው ነው (አሞ. 2፥6፤ 8፥5)። የወቀሳው ጫፍ ግን በስድስተኛው ምዕራፍ ይገኛል። ይኸውም እያዜሙና እየተቀቡ በመልካም አልጋ ተጋድመው ሳሉ ስለ ወገናቸው ስለ ዮሴፍ ጥፋት አለማዘናቸው ነው። ልብ እናድርግ፤ የመጨረሻው በደል አለማዘን ነው። አለማዘን ከምን ይመጣል ቢሉ፥ ካለማየት ይመጣል። ከዐይን የራቀ ከልብም ይርቃልና።

ለዚህ ለነቢዩ ምስክርነት መሬቱ ራሱ ምስክር ሆኗል። በሰማርያ ፍርስራሽ ውስጥ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ተቈፍሮ ወጥቷል። ሮላን ደ ቮ የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴና ሊቅ ደግሞ ከ1946 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. የቀድሞዋ የእስራኤል ዋና ከተማ ቴርሳ ናት የምትባለውን ስፍራ ሲያስቈፍር የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በነበረው በዐሥረኛው መቶ ዓመት የከተማዪቱ ቤቶች በስፋታቸው የሚመሳሰሉ ነበሩ። በስምንተኛው መቶ ዓመት፥ ማለት በአሞጽ ዘመን፥ በዚያው ስፍራ ሰፊና መልካም አሠራር ያላቸው ቤቶች በአንድ ሰፈር፥ እርስ በርሳቸው የተጣበቡ የድኾች ቤቶችም በሌላ ሰፈር ተለይተው ተገኙ። የጐረቤትነቱ መፍረስ ከመንግሥቱ መፍረስ ቀድሟል። ኢዮርብዓም ከሞተ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሰማርያ በአሦር እጅ ወደቀች።

ይህን የመሰለ መለያየት በእኛም ከተማ በዐይናችን ፊት ተፈጽሟል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የተሠራችው በሰፈር ነው። በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፥ ባለሙያው፥ አገልጋዩም ይሰፍር ስለ ነበር ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ ካሳ ሰፈር እየተባለ ባለጠጋና ድኻ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስም አነስተኞቹ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው በጥቂት ብር ይከራዩ ጀመር፤ በዚህም ምክንያት ድኻው በከተማዪቱ መካከል፥ ከቪላው አጥር ሥር ኖረ። መኖሪያው የተጐሳቈለ ነበር፤ መጸዳጃውም የጋራ፥ ውሃውም የጋራ ነበር። ነገር ግን ቡናው፥ ዕድሩ፥ ሰንበቴውም የጋራ ነበረ። ሞት በመጣ ጊዜ ባለሥልጣኑና ዘበኛው በአንድ ድንኳን ይቀመጡ፥ አስከሬኑንም በአንድነት ወደ ደብሩ ይሸኙ ነበር።

ዕድገቱ ሲፋጠን የከተማው መሬት ዋጋ ናረ፤ መሬቱ ሲከብርም በላዩ ያለው ድኻ ተነሣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታና የባሻ ወልዴ ችሎት ነባር ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ተነሡ። መንግሥት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሠርቶ በዕጣ አድሏል። ጀሞ፥ የካ አባዶ፥ ቱሉ ዲምቱ፥ ቦሌ አራብሳ፥ ኮዬ ፈጬ የተባሉት ስፍራዎች በጥቂት ዓመታት ከተማ ሆነዋል። እውነቱን ለመናገር ዕጣው የወጣለት ሰው እልል ብሏል፤ ሊልም ይገባዋል። ውሃ በቤቱ፥ መጸዳጃ በቤቱ፥ በር የሚዘጋበት የራሱ ቤት አግኝቷልና። ሆኖም ዕጣው ቤትን ለቤተ ሰብ ያደርሳል እንጂ ሰፈርን ለሰፈር አያደርስም። በአንድ ግቢ አርባ ዓመት የኖሩ ሰዎች አንዱ በምሥራቅ፥ ሌላው በደቡብ፥ ሦስተኛውም ዕጣ ሳይወጣለት በኪራይ ቤት ቀረ።

ለምሳሌ ያህል በጉልት ሽንኵርትና ቃርያ ሸጣ የምታድር አንዲት መበለት እናስብ። በአሮጌው ሰፈር ሳለች ገንዘብ ባጣች ጊዜ ባለ ሱቁ በዱቤ ይሰጣታል፤ ልጇን ጐረቤት ይጠብቅላታል፤ ስትታመም ደጃፏ በማለዳ አለመከፈቱን አይተው ሰዎች ያንኳኳሉ። አሁን በአራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ለቤቱ የባንክ ዕዳ በየወሩ ትከፍላለች፤ ወደ ቀድሞ ገበያዋ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ባለ ሱቁ አያውቃትም፤ በሯ ባይከፈትም የሚጠይቅ የለም። ዕዳውን መክፈል ያልቻሉ ብዙዎች ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ሩቅ ጎጆ ገብተዋል። በመንግሥት መዝገብ ይህች ሴት ቤት ያገኘች ናት፤ በእግዚአብሔር መዝገብ ግን ጐረቤት ያጣች ናት። ሁለቱም መዝገብ እውነት ነው።

እንግዲህ ወደ አልዓዛር እንመለስ። በምሳሌው ውስጥ በባለጠጋውና በድኻው መካከል የነበረው ርቀት አንድ ደጃፍ ብቻ ነበር። ባለጠጋው ሲወጣም ሲገባም ያየው ነበር። እንዲያውም በሲኦል ሆኖ አብርሃምን ሲለምን አልዓዛርን በስሙ ጠርቶታል (ሉቃ. 16፥24)። ያውቀው ነበር ማለት ነው። ፍርዱም የጸናበት ስለዚህ ነው፤ እያየና ስሙን እያወቀ አልፎታልና። የዛሬው ባለጠጋ ግን አልዓዛርን የሚያልፍበት አጋጣሚ እንኳ የለውም። ደጃፉ በዘበኛ የተጠበቀ፥ መንገዱ የጸዳ፥ ዙሪያው በአበባ ያጌጠ ነው፤ አልዓዛርም ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዷል። አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ እኛ ድኻ አልናቅንም፥ የምናየው ድኻ የለምና። ይህ መልስ በፍርድ ቀን ያድነዋልን? አያድነውም። የመጀመሪያው ባለጠጋ ያየውን አልፏል፤ ሁለተኛው እንዳያይ ሆኖ ተቀምጧል። ማየት የሚችል ሰው አለማየትን ሲመርጥ ምርጫው ራሱ ይጠየቅበታል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። የፋብሪካ ዘመን በተጀመረበት በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ማንቸስተር ከተማ እንዳመለከተው፥ መንገዶቹና ሱቆቹ የተሰለፉት ባለጠጋው ወደ ሥራው ሲመላለስ በግራና በቀኝ ያለውን የሠራተኞች መከራ ሳያይ እንዲያልፍ ሆኖ ነው። ጸሓፊው እግዚአብሔርን የካደ ሰው ነበር፤ ያየውን ግን መስክሯል። አላዋቂ መስሎ የሚያልፍ ክርስቲያን በዚህ ነገር ከእርሱ ሊያንስ አይገባም።

ሁለተኛው የተሰወረብን ወገን በፋብሪካ ያሉት ወጣቶች ናቸው። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ለሚደርስ ሠራተኛ ሥራ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ወደዚያ የሄዱት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረ፥ ይህም በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ ከሚታወቀው ዝቅተኛው እንደ ሆነ አመልክቷል። በዚህ ገንዘብ አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። በገጠር ሳሉ የአንድ አጥቢያ ልጆች ነበሩ፤ ካህኑ አባታቸውንና አያታቸውን ያውቅ ነበር። በከተማው ግን ማን ያውቃቸዋል? የንስሐ አባታቸው ሩቅ ነው፤ ዕድር የላቸውም፤ ታመው ቢተኙ የሚያስታምም፥ ክፉ ሰው ቢያታልላቸው የሚመክር የለም። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የንግድ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በወጣች ጊዜ ከሥራ ከተሰናበቱት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የተወሰነ ውሳኔ በአንድ ቀን የእንጀራቸውን ምጣድ አጠፋው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ዋጋው በወደቀ ጊዜም በቋሚ ደመወዝ የሚኖር ሰው ኑሮ እንዴት እንደ ጠበበ ሁላችን አይተናል።

ሦስተኛው ወገን በከተሞች ዳርቻ የነበረው ገበሬ ነው። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አክዓብ አልሰጥም ያለው የወይኑን ዋጋ ስላላወቀ አይደለም፤ ንጉሡ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁ ብሎት ነበርና (1ኛ ነገ. 21፥1-3)። ርስት ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ገበሬ ካሳ ተቀብሎ ከመሬቱ ተነሥቷል። ለእርሻ የተፈጠረ እጅ የተቀበለውን ገንዘብ በጥቂት ጊዜ ጨርሶ፥ በገዛ አባቱ ማሳ ላይ በተሠራው ሕንጻ ዘበኛ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶበት በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው ይህ ሥጋት በሕዝቡ ልብ ስለ ነበረ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነትም ሀብት ብቻውን ሰላምን እንደማይገዛ አስተምሮናል። ፎቅ በጐረቤትነት ላይ ካልቆመ መሠረቱ አሸዋ ነው።

፫. ቤተ ክርስቲያን ልትሠራው የሚገባት

አንድ ሰው እንዲህ ይለን ይሆናል፤ ከተማን ማቀድ የመንግሥት ነው፥ ደመወዝን መወሰን የአሠሪ ነው፥ እናንተ ቀድሱ፥ አስተምሩ። መልሳችን ከሐዋርያት ሥራ ስድስተኛ ምዕራፍ ነው። በኢየሩሳሌም የደቀ መዛሙርቱ ቍጥር በፈጠነ ጊዜ፥ በዕለት ምግብ እደላ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ። ማንም በክፋት አልረሳቸውም፤ ከሩቅ የመጡ ነበሩና፥ የሚያውቃቸው አልነበረም። ዕድገት በራሷ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ መበለትን ያስረሳል ማለት ነው። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ቍጥራችን አይብዛ አላሉም። ብዙ ሆነናልና ጥቂት ቢረሳ አይገርምም አላሉም። ጉባኤውን ጠርተው፥ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው አዲስ ሥርዓት ሠሩ። ቃሉም አደገ፥ ሕዝቡም በዛ። ሥርዓቱ ዕድገቱን አላገደውም፤ አጸናው እንጂ። ከዚህ ምሳሌ ተነሥተን ለዘመናችን አራት ነገር እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፥ ስም ነው። ጌታችን በምሳሌው ለድኻው ስም ሰጠው፤ የባለጠጋውን ስም ግን አልነገረንም። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ ወደ ሰፈሩ የገቡትን አዳዲስ ነዋሪዎች፥ ይልቁንም ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን፥ ሕሙማንንና ተከራዮችን በስም መዝግቦ ይያዝ። የንስሐ አባትም የንስሐ ልጁ ሰፈር በለወጠ ጊዜ ዝም ብሎ አያሰናብተው። በሚገባበት አጥቢያ ላለው ካህን የአደራ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ይህች እናት መበለት ናት፥ ልጇ ታማሚ ነው፥ በወር አንድ ጊዜ ትጠየቅ ብሎ። ለአንዲት ነፍስ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሁለተኛው፥ ሰንበቴና ዕድር ነው። እነዚህ አባቶቻችን ያቆዩልን የጐረቤትነት መጋቢዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በእነርሱ ተፈጽሟል። አሁን ግን በአንዳንድ ስፍራ መግቢያው ክፍያ ከፍ እያለ፥ የሚቀበሉትም የቤት ባለቤቱን ብቻ እየሆነ መጥቷል። ተከራይና የፋብሪካ ሠራተኛ ከዕድር ውጭ ከሆነ ማን ይቀብረዋል? እንግዳ ሆኖ የሞተውን የሚቀብር ዕድር የክርስቲያን ዕድር ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የዕድር ዳኞች ተመካክረው ለድኻ የሚሆን መግቢያ ቢያዘጋጁ፥ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ከገጠር የመጡትን ልጃገረዶች በየኪራይ ቤታቸው ቢጐበኙ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ነባር ሰፈር በልማት ምክንያት ሲነሣም፥ ነዋሪው ከነዕድሩ በአንድ ስፍራ እንዲሰፍር ለባለሥልጣናት በትሕትናና በግልጽ ማመልከት የካህናት አደራ ነው። መንገድ ይሠራ፤ ግን ጐረቤት አይበተን።

ሦስተኛው፥ ፍትሕና ዕረፍት ነው። ፋብሪካና ሱቅ ያላችሁ ምእመናን ሆይ፥ የሠራተኛን ደመወዝ ቀንሶ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስጠት መባ አይባልም። ቅዱስ ያዕቆብ የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ አስተምሯልና (ያዕ. 5፥4)። ሠራተኛው ቅዳሴ የሚያስቀድስበትን፥ ቤተ ሰቡን የሚያይበትን፥ ታማሚ የሚጠይቅበትን ዕለት አትንፈጉት። አሞጽ የከሰሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የጠሉት ገበያ ስላስዘጋባቸው ነው። ካህናትም በበኩላችን ሠራተኛው ከፈረቃው በሚወጣበት ሰዓት፥ በማለዳም ቢሆን በምሽት፥ የጸሎትና የትምህርት ጉባኤ ልናዘጋጅለት ይገባናል። በሥራ ሰዓት ደጁ የተዘጋበት ሰው ቤተ ክርስቲያንን እንደ ሰነፈ ሊቈጠር አይገባውም።

አራተኛው፥ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። በከተማዪቱ ሁሉ ባለጠጋና ነዳይ አሁንም ፊት ለፊት የሚተያዩበት ስፍራ ቢኖር ደጀ ሰላማችን ነው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነዳያን የግቢውን ውበት ያበላሻሉ፥ እንግዶችን ያውካሉ ተብሎ ቢባረሩ፥ የአልዓዛርን የመጨረሻ ደጃፍ እኛው ዘጋነው ማለት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ ጎተራ ያላቸውን ባለጠጎች ገሥጾ ችግረኞቹን አበላ፤ ኋላም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለሕሙማን፥ ለድኾችና ለመንገደኞች የሚሆን ሰፊ ማረፊያ ሠራ። ድኻው ወዳለበት ቦታ እርሱ ወጣ እንጂ ድኻውን ከዐይኑ አላራቀም። እኛም የሚከራይ ሕንጻ ስንሠራ፥ ከኪራዩ የነዳያን ድርሻ ስንት እንደሆነ በመዝገባችን ለይተን ልንጽፍ ይገባናል። ያልተጻፈ ድርሻ ይረሳልና።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ በአሞጽ ዘመን የቤቴል መቅደስ ባዶ አልነበረም። በዓሉ ይከበር፥ መሥዋዕቱ ይበዛ፥ መዝሙሩም ይሰማ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ፍትሕና ጽድቅ የሌለበትን በዓል እንደማይቀበል በነቢዩ አፍ ተናገረ (አሞ. 5፥21-24)። ስለዚህ የአብያተ ክርስቲያናችን መሙላት፥ የሕንጻችን ማማር፥ የከተማችን መብራት ብቻውን አያኰራንም።

በመጨረሻው ቀን ጌታችን በግርማ መንግሥቱ በሚመጣ ጊዜ ስንት በመቶ አደጋችሁ ብሎ አይጠይቀንም። ተርቤ፥ ተጠምቼ፥ እንግዳ ሆኜ፥ ታምሜ ነበር ይላል እንጂ። በዚያን ጊዜ በቀኝ የቆሙትም በግራ የቆሙትም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ (ማቴ. 25፥31-46)። እንግዲህ ፍርዱ ስለ ማየት ነው። ዛሬ አልዓዛር ከደጃፋችን ርቆ ከሆነ፥ ዐይናችን ወደ እርሱ ይሂድ፤ ዐይናችን ካልደረሰም እግራችን ይሂድ። አራተኛ ፎቅ ወጥተን የተዘጋውን በር እናንኳኳ፤ ስሟንም እንጠይቅ።

አገራችንን በበረከቱ ያጠገበ አምላክ፥ በጥጋባችን ጊዜ ወንድማችንን የምናይበትን ዐይነ ልቡና ያድለን፤ የተበተነውን ጐረቤትነት ይሰብስብልን፤ ለአገራችን ለኢትዮጵያም ሰላሙንና ፍቅሩን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።